ለደነገጠ ዓይን የተጻፈ ገጽ

ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ከዓይን ይልቅ ለጆሮ የተሠራች አንዲት መሣሪያ አለች፤ የታካሚውን ጣት ቆንጥጣ የምትይዘው ፐልስ ኦክሲሜትር። የልብ ምትን «ጢት፣ ጢት» እያለች ትቆጥራለች። ብልሃቷ ግን ቆጠራው ላይ አይደለም። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲቀንስ ድምፁም አብሮት ይወርዳል፤ እየላላ እንደሚሄድ የክራር ጅማት ከቀጭን ወደ ወፍራም ይንሸራተታል። ሰመመን ሰጪው ጀርባውን ሰጥቶ በሲሪንጅ መድኃኒት እየቀዳ እንኳ፣ ቁጥሩን ሳያይ ነገር እንደተበላሸ ያውቃል። ይህን የፈለሰፈው ሰው አንድ ነገር አስተውሏል፦ በሥራ ላይ ያለ ሰው ዓይኑና እጁ ቢያዙም ጆሮው ሥራ ፈት ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ ድምፁ ከወረደ በኋላ ባለችው ደቂቃ ላይ የተሠራ ሌላ የእጅ ሥራ ነው። ብዙ ሰው የእጅ ሥራ አይለውም፤ ዝርዝር ነው ይለዋል።

እንበል ቦታው ጭሮ ነው። አዛውንቶቹ አሁንም አሰበ ተፈሪ የሚሏት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ 326 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ ወደ 1800 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች የምዕራብ ሐረርጌ ዋና ከተማ። ጫት የጫነ አይሱዙ ሌሊቱን ይከንፍባታል። ከገመቺስ ደጋም ሆነ ከሚኤሶ ቆላ ምጥ የጠናባት እናት በአምቡላንስ ትመጣለች። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው እንበል። ለሲኤስ፣ ማለትም በቀዶ ጥገና ለማዋለድ፣ ስፓይናል ተወግታለች፤ ከወገቧ በታች ደንዝዛለች፣ እሷ ግን ነቅታ ጣራውን ታያለች። ድንገት «እጄ ደነዘዘኝ» አለች። ትንሽ ቆይታ «አየር አጠረኝ»። ድምፁ መውረድ ጀመረ።

ማደንዘዣው ከሚገባው በላይ ወደ ላይ ወጥቷል ማለት ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው በጣት ይቆጠራል፤ ቢላውን የያዘው ሐኪም ወይም ከ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀምሮ ለእንዲህ ያለ ሆስፒታል ተብለው ከሚሠለጥኑት የድንገተኛ ቀዶ ጥገና ባለሙያዎች፣ ማለትም አይኢኤስኦ ከሚባሉት አንዱ፤ አጠገቡ ስክራብ ነርሷ፤ ዕቃ የምታቀብለው ራነር፤ ራስጌው ላይ አንድ ሰመመን ሰጪ፣ አንስቴቲስቱ። አንስቴቲስቱ ይህን ትምህርት ቤት ተምሯል፣ ፈተናውንም አልፏል። ችግሩ ዕውቀቱ መኖሩ ላይ ሳይሆን በዚያች ደቂቃ ተሰልፎ አለመምጣቱ ላይ ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ የደነገጠ ሰው መጀመሪያ እጁ የገባውን ነገር ያደርጋል፤ መጀመሪያ መደረግ ያለበትን ሳይሆን።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ጥገና ዝርዝር በእኛም አገር ይታወቃል፤ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2016 እስከ 2020 በዘረጋው የአስተማማኝ ቀዶ ጥገና ዕቅድ ውስጥ ቦታ ነበረው። እሱ ግን ሰላም ሳለ የሚነበብ ነው፦ ስምሽ ማን ነው፣ የሚቀደደው የትኛው ወገን ነው፣ ጎዝ ተቆጥሯል ወይ። እኔ የማወራው ስለ ሌላው፣ ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ስለሚነበበው ነው።

የዚህ ዓይነቱ ምርጥ ሥራ ሁለት ሦስት ቦታ ይገኛል። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በነጻ የሚያድለው በቀለበት የታሰረ መጽሐፍ አለ፤ ቦስተን ያለው አሪያድኒ ላብስ ያዘጋጃቸው 12 ገጾች አሉ፤ የእንግሊዞቹ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ ፈጣን ማጣቀሻ አለው። አሥራ ሁለቱን ገጾች ከፊቴ ዘርግቼ ብዙ ምሽት አይቻቸዋለሁ። አንድ ቀለም የተቀባ ጠርዝ፣ ትልቅ ርዕስ፣ በግራ በኩል ቁጥር የያዙ ጥቂት እርምጃዎች፣ በቀኝ በኩል በሣጥን የታጠሩ የመድኃኒት መጠኖች። ዓይን በግራ በኩል ይወርዳል፤ መጠን ሲፈልግ ብቻ ወደ ቀኝ ይሻገራል፣ ይመለሳል። ሣጥኑ ባይኖር ኖሮ ቁጥሮቹ በእርምጃዎቹ መሐል ይበተኑና አንባቢው በየመስመሩ ይደናቀፍ ነበር። የተራቀቀ ነገር የለውም። ግን ጥሩ አናጺ የበሩን እጀታ እጅ በጨለማ ዘርግቶ በሚያገኝበት ቁመት ላይ እንደሚያኖረው ነው።

ከሁሉ የወደድኩት የመጀመሪያውን እርምጃ ነው። በአሥራ ሁለቱም ገጽ ላይ አንድ ዓይነት ነው፦ እርዳታ ጥሩ፣ ከዚያም «አሁን የሚመራው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መድኃኒት አይደለም፣ ኦክስጅንም አይደለም፤ ጥያቄ ነው። አንድ ሰው «እኔ» ማለት አለበት። ይህን ለመጻፍ ብዙ ሬሳ ያየ ሰው ያስፈልጋል። አምስት የተማረ ሰው በአንድ ክፍል ቆሞ እያንዳንዱ ሌላው እያዘዘ ነው ብሎ ሲያስብ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው የጻፈው ነው።

እነዚያ ገጾች ተፈትነዋል። በ2013 መጀመሪያ ላይ በታተመ ጥናት 17 የኦፕሬሽን ቡድኖች በአሻንጉሊት ታካሚ ላይ 106 የተመሰለ አደጋ አሳለፉ፤ ግማሹን ከዝርዝር ጋር፣ ግማሹን በማስታወስ ብቻ። በማስታወስ ሲሠሩ ከሚገባው እርምጃ 23 በመቶውን ዘለሉ፤ ገጹን ሲይዙ 6 በመቶውን። አሻንጉሊት ነው፣ እውነተኛ ሰው አይደለም፤ ይህን መርሳት አይገባም። ቢሆንም በጥናቱ ከተሳተፉት 97 በመቶው «እኔ ታካሚ ብሆን ዝርዝሩ በሥራ ላይ እንዲውል እፈልጋለሁ» ብለዋል። ሙያተኛ ለራሱ ገላ የሚመርጠውን ነገር አምናለሁ።

ሐሳቡ የመጣው ከአውሮፕላን ነው። ኦክቶበር 30 ቀን 1935፣ ጣሊያን ድንበራችንን ከተሻገረ አንድ ወር ሊሞላው ሲል፣ አሜሪካ ዴይተን አጠገብ የቦይንግ አዲስ ቦምብ ጣይ በሙከራ በረራ ተነሥቶ ወደቀ። ሞተሩ አልተበላሸም፤ የጅራቱን መቆጣጠሪያዎች የሚቆልፈው ማገጃ ሳይፈታ ተነሥቶ ነበር። ሌሎች አብራሪዎች ያኔ ያመጡት መፍትሔ ተጨማሪ ሥልጠና ሳይሆን በወረቀት ላይ የሰፈረ አጭር ዝርዝር ነበር። ሐኪሙ አቱል ጋዋንዴ የቀዶ ጥገናውን ዝርዝር ሲያዘጋጅ ምክር የጠየቀው የቦይንግን ሰው ዳንኤል ቦርማንን ነው። ዛሬ ቦሌ ላይ ከኮክፒት የሚሰማው የመልስ ቅብብል የዚያው ዘር ነው።

አሁን ወደ ጭሮዋ እናት። ስፓይናሏ ወደ ላይ ወጥቷል ብያለሁ። አሥራ ሁለቱን ገጾች ብትገልጡ ይህ አደጋ የለም። ደም መፍሰስ አለ፣ የልብ መቆም አለ፣ የኦፕሬሽን ክፍል ቃጠሎም አለ፤ ብዙ ሰመመን ሰጪ በዕድሜው አንዴም የማያገኘው የጡንቻ ትኩሳት በሽታ እንኳ ሙሉ ገጽ ይዟል። ከፍ ያለ ስፓይናልን የስታንፎርዱና የእንግሊዙ ጨምረውታል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ማንም የሚጽፈው ለገዛ ክፍሉ ነው። ግን አብዛኛው ድንገተኛ ሥራው ሲኤስ ለሆነ ቤት የሚጻፍ ዝርዝር ከዚህ ይጀምራል እንጂ በዚህ አያልቅም። ማውጫውም ቢሆን በበሽታው ስም ብቻ ከተደረደረ ጥሩ አይደለም። የደነገጠ ሰው የሚያውቀው ያየውን ነው፦ «ኦክስጅን ወረደ»፣ «ግፊት ወረደ»። የእንግሊዙ ማጣቀሻ ይህን ተረድቶ ምክንያቱ ያልታወቀውን ለብቻ፣ የታወቀውን ለብቻ ከፍሏል። እንዲህ ያለች ትንሽ መከፋፈል ሳይ ባርኔጣ ካለኝ አነሣለሁ።

ወረቀቱ ወደ ስክሪን ሲሄድ ምን ያገኛል? ሁለት ነገር፣ ሁለቱም ከባድ። አንደኛው ሰዓት ነው። ልብ ሲቆም አድሬናሊን በየ3 እስከ 5 ደቂቃ ይደገማል፤ ደረት እየተጫነ ያለ ሰው ግን ጊዜ ይጠፋበታል፣ አንዱ ደቂቃ አሥር ይሆንበታል ወይም ጭራሽ ይሰወርበታል። ስክሪኑ ይቆጥርለታል። ሁለተኛው ስሌት ነው። በአካባቢ ማደንዘዣ ለተመረዘ ሰው የሚሰጠው ባለ 20 በመቶ የስብ ፈሳሽ በኪሎ 1.5 ሚሊ ሊትር ነው፤ የ52 ኪሎ ሰው ስንት ይሆናል? አሁን ቁጭ ብለው ሲያነቡ ቀላል ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ያ ድምፅ እየወረደ፣ ሃምሳ ሁለትን በአንድ ተኩል ማባዛት ተራራ ነው። ጀርመኖቹ በነጻ ያወጡት ኢጌና የሚባለው የሰመመን አደጋ መርጃ የተሠራው ለስክሪን ታስቦ ነው።

የሚያጣውም አለ። ስልክ በ30 ሴኮንድ ይጨልማል። በደም የራሰ ጓንት አይሰማውም። መሐል ላይ የአጎት ልጅ ይደውላል። የይለፍ ቃል የሚጠይቅ የአደጋ ጊዜ መርጃ ካያችሁ የሠራው ሰው ኦፕሬሽን ክፍል ገብቶ አያውቅም ብላችሁ ውሰዱት። ጥሩው ንድፍ አይጨልምም፣ ኔትዎርክ አይሻም፣ ገጹ ከስክሪኑ አይተርፍም፣ «ተደርጓል» የሚል ምልክት እንዲነኩ አያስገድድም፤ የደረሱበትን እርምጃ ያደምቃል እንጂ። መብራት ሲሄድም ከጀርባው ግድግዳው ላይ ያው ገጽ በላሚኔት ተለብጦ ተሰቅሏል፤ በዚያው ቀለም፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ ዓይን እንደ አዲስ እንዳይለማመድ።

አገራችን ለዚህ ሥራ ባዕድ አይደለችም። ማተርኒቲ ፋውንዴሽን የሚባለው የዴንማርክ ድርጅት ከኮፐንሃገን ተመራማሪዎች ጋር ለአዋላጆች የሠራው የስልክ መተግበሪያ ወግ ባለው ሙከራ የተፈተነው በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ አካባቢ፣ በ73 የጤና ተቋማት ነው። ደም ሲፈስ ምን እንደሚደረግ፣ ሳይተነፍስ የተወለደ ሕፃን እንዴት እንደሚነቃ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ያሳያል። በ2016 የታተመው ውጤት የአዋላጆቹ ክህሎት እንደጨመረ አሳየ፤ የሕፃናቱ ሞት ከሺህ 23 ከነበረበት ወገን ይልቅ መተግበሪያውን የያዘው ወገን 14 ላይ ቢቆምም፣ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ዓይን የሚያስተማምን አልነበረም። ሐቀኛ ውጤት ነው። ከሥራው የምወደው ሥዕሉን ነው፦ ክፍሉ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ አንድ አልጋ፣ ሁለት እጅ፣ አንድ ፎጣ። የሌለ መሣሪያ አልተሣለም።

ለጭሮ የሚጻፈውን ገጽ ስናስብ ግን ሁሉም ነገር ቋንቋ ላይ ይጠመጠማል። እንግሊዝኛው ትእዛዙን ከፊት ያስቀድማል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ይጥላል፤ አፋን ኦሮሞም እንዲሁ። «ኦክስጅኑን ወደ መቶ በመቶ» ብሎ አንባቢው ሲደርስ ምን እንደሚደረግ ገና አልተነገረም። ቀጥሎ ግሱ ይመጣል፣ ከግሱ ጋር ደግሞ ጣጣው፦ አድርግ? አድርጊ? አድርጉ? አማርኛ በነጠላ ሲያዝ ጾታ ይጠይቃል። ኦሮምኛው እዚህ ላይ ቀለል ይላል፤ ለነጠላ «ጎዺ»፣ ለብዙ «ጎዻ» ነው፣ ወንድ ሴት አይለይም። በምትኩ ቁቤው ረጅሙን አናባቢና የጠበቀውን ተነባቢ እየደገመ ስለሚጽፍ ቃሉ ይረዝማል፣ መስመሩ ይሰበራል።

ከጾታው የሚብሰው ማዕረጉ ነው። የሚያነበው ማን ነው? እጁ የተያዘው አንስቴቲስት ማንበብ አይችልም፤ ስክራብ የሆነችው ጓንት አጥልቃለች። የምትቀረው ራነሯ ናት፣ ብዙ ጊዜ የሁሉ ታናሽ። እሷ ለሐኪሙ «ቁም» ልትለው ነው? «ዶክተር፣ እባክዎ ትንሽ ቢያቆሙልን» እስክትል እናትየዋ ሁለት ትንፋሽ ታጣለች። የመሥሪያ ቤት አማርኛ ለዚህ መሸሸጊያ አለው፤ «ይቁም»፣ «ይሰጥ»፣ «ይደወል»። ማዕረግ አይነካም፣ ጾታ አይጠይቅም። ለኔ ግን ከሁሉ አደገኛው እሱ ነው። «ደም ባንክ ይደወል» ሲባል ማን ነው የሚደውለው? ደብዳቤ ላይ «ይደረግ» የተባለ ነገር የት እንደሚቀር ሁላችንም እናውቃለን።

ጮክ ብዬ ለራሴ ደጋግሜ አነበብኳቸውና እንዲህ ይመስለኛል፦ የሚቻልበት ቦታ ሁሉ ግሱን ጣሉት። አብራሪዎቹ እንደሚያደርጉት ዕቃውን ጥሩ፣ ሁኔታውን ተናገሩ። «ኦክስጅን፦ ሙሉ።» «ቀዶ ጥገና፦ ቆሟል።» «ራነር፦ ስልክ፣ ደም ባንክ።» ራነሯ ማንንም አላዘዘችም፤ የዕቃውን ስም ጠርታለች፣ መልሱን የሚሰጣት ዶክተሩ ነው። ከማዕረግ በታች ቆማ ከማዕረግ በላይ የሆነውን ነገር ተናገረች። ይህ ከእንግሊዝኛው ተተርጉሞ የሚገኝ አይደለም።

ፊደሉም የራሱ ወጥመድ አለው። የእንግሊዝኛው የንድፍ መጽሐፍ ስለ ትልቅና ትንሽ ሆሄ ብዙ ይመክራል፤ እኛ ዘንድ ያ ጣጣ የለም። በምትኩ ሙሉው ትርጉም በአንዲት ቅጥያ ላይ ይንጠለጠላል። «ጨምር» እና «ጭምር» በአንድ ጭረት ይለያያሉ። የሚያስፈራው ግን መድኃኒቱ ነው። ሚሊግራምን «ሚ.ግ»፣ ማይክሮግራምን «ማ.ግ» ብሎ ያሳጠረ ሰው፣ በአንዲት ፊደል እግር ላይ የሺህ እጥፍ ልዩነት አንጠልጥሏል። ስለዚህ ሙሉውን ይጻፍ፣ ቦታ ቢበላም፦ ማይክሮግራም። የአድሬናሊኑ መስመር ደግሞ ሥዕል ይኑረው፦ አንድ አምፑል፣ 1 ሚሊግራም፤ አንድ ከረጢት ሳላይን፣ 100 ሚሊ ሊትር፤ ከሥሩ «በ1 ሚሊ ሊትር 10 ማይክሮግራም»። ሒሳቡ በቀን፣ በሰላም፣ ቡና እየተጠጣ ተሠርቶ ያለቀ መሆን አለበት። የከተማዋን የድሮ ስም ስሰማ «ተፈሪ አሰበ» የሚል ይመስለኛል፤ ዝርዝር ማለትም ይኸው ነው፣ ሌላ ሰው አስቀድሞ አስቦልሃል ማለት።

ከውጭ የመጣው ገጽ ለኦክስጅን መውረድ የጋዝ መመርመሪያውን እይ፣ የደም ጋዝ ላክ፣ በካሜራ ቱቦ አየር ቧንቧውን ተመልከት ይላል። በብዙ ጠቅላላ ሆስፒታል እነዚህ መስመሮች የሚያገለግሉት ዓይንን ለማባከን ነው። ተሰርዘው በቦታቸው የውጭው ጸሐፊ ያላሰበው መግባት አለበት። መብራት ሄደ፦ የኦክስጅን ኮንሰንትሬተሩ ቆሟል፣ ወደ ሲሊንደር። ሲሊንደሩ አለቀ፦ በእጅ የሚጨመቀው አምቡ ባግ፣ በክፍሉ አየር፣ አሁኑኑ፤ ሁለተኛው ሲሊንደር እስኪገባ። «እርዳታ ጥሩ» የሚለውም ብቻውን አይበቃም፤ ሁለተኛው አንስቴቲስት ቤቱ ተኝቷልና ከቃሉ አጠገብ የስልክ ቁጥሩ በጉልህ ይጻፍ፣ ተራው በተቀየረ ቁጥር ይቀየር።

በዚህ መንገድ ስሰርዝና ስጽፍ ሲሊንደሩ ላይ ደረስኩ። ሲሊንደር ለመቀየር መፍቻ ያስፈልጋል፤ ከብረት የተሠራች፣ ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ኪስ ውስጥ ገብታ የምትጠፋ። «ሲሊንደር፦ ይቀየር» ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። «መፍቻ፦ መሳቢያ ውስጥ» አልኩ፤ የትኛው መሳቢያ? እሱንም ሰረዝኩ። በመጨረሻ የቀረው መስመር ይህ ነው፦ «መፍቻ፦ ሲሊንደሩ አንገት ላይ፣ በክር።» ከገጹ ሁሉ ይህን መስመር እወደዋለሁ፤ ስክሪን ላይ ከመውጣቱ በፊት ግን አንድ ሰው ክር ይዞ ሄዶ ማሰር ይኖርበታል።